የምርቃቷ ብረት

የገዛ እህትህን ገድለሃል የተባለ ሰው ለምን አይከራከርም? ለዚህ ጥያቄ መልስ እስኪገኝ ብዙ ሰው ተቆጣ፤ አንዳንዱም ያለጥፋቱ ተሰደበ። በዚያ ቀን ከምሳ በኋላ መልሱን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም የመድረኩ ጠርዝ ላይ እግሩን አንጠልጥሎ፣ ሁለት መዳፎቹን ወደ ላይ ዘርግቶ ተቀምጧል። የመዳፎቹ ቆዳ ተገፏል።

ሟቿ የቴአትር ቤቱ ዋና አዘጋጅ ነበረች። አስከሬኗ በመጋረጃ ጨርቅ ተሸፍኖ መድረኩ መሐል ተጋድሟል። አጠገቧ ከእንጨትና ከሸራ የተሠራ፣ ድንጋይ የተሳለበት ትልቅ ግድግዳ በፊቱ ተደፍቷል። የቤቱ ሰዎች «ግንቡ» ይሉታል። በተውኔቱ ሁለተኛ ክፍል ከላይ ወርዶ ባልና ሚስቱን የሚለያየው እሱ ነበር። ያን ቀን ግን ማንም ውረድ ሳይለው፣ አዘጋጇ እንደ ልማዷ ከምሳ መልስ ብቻዋን መድረኩ ላይ ስትንጎራደድ ወረደባት።

መርማሪዋ ስትደርስ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይናገር ነበር። አጭር፣ ሁልጊዜ የቸኮለች የምትመስል ሴት ናት። ባልደረቦቿ ከኋላዋ «ወይዘሮ ለምን» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች። ሩቅ አገር ተምራ ከተመለሰች ወዲህ ሁለት ነገር አልመች ብሏታል፤ አንዱ የቢሮዋ ወንበር ነው፣ ሌላው «ተጣርቷል» የሚለው ቃል።

አናጺው ግንቡን በገዛ እጁ የሠራው ሽማግሌ ነው። የወደቀውን እንጨት በእግሩ እየነካካ ገመዱን የሚያንቀው ብረት፣ ማነቆው፣ ከድቶ ነው ይላል። የሟቿ ልጅ፣ የተውኔቱ መሪ ተዋናይት፣ የትወና ልብሷን እንደለበሰች ገመዱ ተበጥሷል ብላ ትጮኻለች። በዚህ መሐል ነበር ምክትል አዘጋጁ፣ ሸሚዙ በደንብ የተተኮሰው፣ ለስለስ ባለ ድምፅ ገመዱም ማነቆውም ደህና ናቸው ያለው።

መርማሪዋን ክንዷን ይዞ ወደ መድረኩ ጎን፣ ወደ አንድ ወፍራም ዓምድ ወሰዳት። ዓምዱ ላይ በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፤ አንድ ኪሎ፣ ሁለት ነጥብ ሁለት ፓውንድ። ከታች የእሱ ፊርማ አለ።

ነገሩ ቀላል መሆኑን አስረዳት። ግንቡ በገመዱ አንድ ጫፍ ተንጠልጥሏል፤ በሌላው ጫፍ ብረት የሚጫንበት ቅርጫት አለ። ልክ እንደ ሚዛን ነው፤ ሁለቱ እኩል ከሆኑ ሕፃን ልጅም ያወጣዋል፣ ያወርደዋል። ግንቡ መቶ ኪሎ ይመዝናል። ብረቶቹ ግን ሁለት ዓይነት ናቸው። ጥቋቁሮቹ አሮጌዎች ናቸው፣ «10» የሚል ማኅተም አለባቸው፤ አሥር ፓውንድ ማለት ነው። ግራጫዎቹ አዲሶች ናቸው፣ እነሱም ላይ «10» ይላል፤ አሥር ኪሎ።

«ባለገመዱ አሥር ብረት ጫነ፤ አሥሩ ግን ፓውንድ ነበር» አላት። «ሃያ ሁለት መጫን ሲገባው። ስንት ጊዜ ነገርኳቸው፣ ጽፌም ለጠፍኩላቸው። ሰው እንዲህ ነው የሚሞተው።»

ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ልጅቷ ግን ሰማችው። እየሮጠች ሄዳ መዳፉን ዘርግቶ ከተቀመጠው ሰው ፊት ቆመች። ቤቱ «ባለገመዱ» ብሎ የሚጠራው እሱ ነው፤ የእናቷ ታናሽ ወንድም፣ ያሳደጋት አጎቷ።

«አንተ ነህ የገደልካት» አለችው። «በዚያ እልህህ። ወረቀት ተለጥፎልህ እንኳ።»

ባለገመዱ ቀና ብሎ አያት። ቁጣ ፊቱ ላይ መጣ፣ ተመልሶም ሄደ።

«አዎ» አለ። «የኔ ጥፋት ነው።»

ፖሊሶቹ ሲወስዱት መርማሪዋ ቅርጫቱ የት እንዳለ አናጺውን ጠየቀችው። ሽማግሌው በጣቱ ወደ ላይ አመለከተ። ግንቡ ሲወርድ ቅርጫቱ ተተኩሶ ወጥቶ ጣሪያው ሥር፣ መብራት የማይደርስበት ጨለማ ውስጥ ተወሽቋል። ረጅም መሰላል ከጎረቤት መጋዘን ካልመጣ አይወርድም፤ እሱም ነገ ነው። መርማሪዋ አንገቷ እስኪያማት ድረስ ወደ ጨለማው አየች። ምንም አይታይም።

አለቃዋ ማምሻውን ደውሎ ሰውየው አምኗል አይደል፣ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ አላት።

«ለምን እንዳመነ» አለችው።

«ስላጠፋ ነዋ።»

«ያጠፋ ሰው ይከራከራል፣ ያላጠፋም ይከራከራል» አለችና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ የበለጠ ብትናገር የምትጸጸትበትን ቃል ትናገር ነበር።

በማግሥቱ መሰላሉ መጣ። አናጺው ዕድሜዎ አይፈቅድም ቢሉት አልሰማም ብሎ ራሱ ወጣ፤ ከላይ ሆኖ መሰላሉን የያዘውን ሰው፣ መሰላሉን የሠራውን ሰውና የመሰላሉን ባለቤት በየተራ ሰደበ። ቅርጫቱን አስለቅቆ በገመድ አወረደው። የፊት ቆርቆሮውን ሲከፍቱ ውስጡ ጥቁር ብረት ነበር። መርማሪዋ ቆጠረች። አሥር።

«እንግዲህ ምክትሉ ልክ ነበሩ» አለች፣ ሽማግሌውን ለመነካካት።

«ልክ አባቱ» አለ አናጺው። «ይኼ የኛ ቤት ስህተት አይደለም። የኛን ቤት ስህተት እኔ አውቀዋለሁ፤ ስንት ጊዜ አብሬ ተሳስቻለሁ።»

«የእናንተ ምን ዓይነት ነው፣ አባባ?»

አናጺው መዳፉን በሱሪው ጠረገና አስረዳት። እነሱ ብረቱ ላይ ያለውን ቁጥር አያነቡም። ለአንድ አዲስ ሁለት አሮጌ ይቆጥራሉ። ሁለት ሁለት እያሉ አምስት ጊዜ ሲሞላ አንድ አሮጌ ጣል ያደርጋሉ፤ ስሟ ምርቃት ነው። ሽንኩርት ሻጯ መዝና ከጨረሰች በኋላ አንድ ጣል እንደምታደርገው ማለት ነው። ሲሳሳቱ የሚረሱት ምርቃቷን ነው። ያኔ ግንቡ ትንሽ ይጎትታል፣ ባለገመዱ ይሳደባል፣ አንዱ ሮጦ ይጨምራል።

መርማሪዋ በጣቷ መዳፏ ላይ አሰላች። አምስት አዲስ ብረት ሃምሳ ኪሎ ነው። አሥራ አንድ አሮጌ መቶ አሥር ፓውንድ ነው፤ ለሁለት ነጥብ ሁለት ሲካፈል ሃምሳ።

«ያው ነው» አለች።

«ምኑ?»

«ወረቀቱና ምርቃቷ። አንድ ነገር ናቸው።»

«እንግዲያ ለዚያ ለተተኮሰው ሸሚዝ ንገሪልኝ። መሀይም እያለ ጆሯችንን አደነቆረው።»

ከዓምዱ ጀርባ፣ ግድግዳውን ተደግፎ፣ የአሮጌዎቹ ብረቶች ክምሮች ነበሩ። ሁሉም ክምር አንድ ዓይነት ነው፤ ሁለት ሁለት ሆነው በአምስት ደርብ ተነባብረው፣ ከላይ አንዷ ብረት በአግድም ተቀምጣለች። ምርቃቷ ናት። ለቅርጫቱ ቅርብ የሆነው ክምር ግን አናቱ ልሙጥ ነበር። አጠገቡ ወለሉ ላይ ሁለት ብረቶች ጎን ለጎን ተኝተዋል።

«ይኼን ማን ደረደረው?» አለች።

አናጺው አየው። ፊቱ ቀስ ብሎ ጠቆረ። «እኛ አይደለንም» አለ።

አሥር እዚህ፣ ሁለት ወለሉ ላይ፣ አሥር ቅርጫቱ ውስጥ። ሃያ ሁለት። ባለገመዱ አልተሳሳተም ነበር፤ ልኩን ጭኖ ሳለ ሰው አሥራ ሁለቱን አውጥቶበታል።

አዲሶቹ ግራጫ ብረቶች ለምን ከሳጥናቸው እንዳልወጡ ስትጠይቀው አናጺው መጀመሪያ ጣሪያ ጣሪያ አየ። ምክትሉ በዋዜማው አዲሶቹን አስጭኖ ነበር። ጠርዛቸው እጅ ይቆርጣል፤ ባለገመዱ ደግሞ ምክትሉ ያዘዘውን ነገር ውኃም ቢሆን አይጠጣም። ስለዚህ ጠዋት ማንም ሳይገባ ሁለቱ ሆነው አዲሶቹን መለሱ፣ አሮጌዎቹን ጫኑ። ቅርጫቱ በቆርቆሮ የተዘጋ ስለሆነ ማንም አያይም። ጩኸት ፈርተው ለማንም አልተናገሩም።

«ለማንም?»

«ለማንም። ለእሷ ለሟቿም ቢሆን።»

መርማሪዋ በሁለቱም ተናደደች። ሁለት ትልልቅ ሰዎች እንደ ልጅ በእልህ ተደባብቀው ሠርተዋል፣ ሌላው ደግሞ ያንኑ እልህ ተጠቅሞበታል። ለአናጺው ግን ያለችው ሌላ ነው፤ በምሳ ሰዓት የት እንደነበር ጠየቀችው። ምግብ ቤቱ ውስጥ፣ ከትኬት ሻጩ ጋር ስለ እግር ኳስ ሲጨቃጨቅ፣ ቤቱ ሁሉ እየሰማው። ምክትሉስ? እሱ ዘግይቶ ነው የመጣው። ከምግቡ በፊት ሳሙና ጠየቀ፣ ሳሙናው እስኪያልቅ ታጠበ። አናጺው ሙሽራ ነህ እንዴ ብሎት ነበር።

መርማሪዋ ከአሮጌዎቹ ብረቶች አንዱን አንስታ አስቀመጠች። እጇ በጥቁር ቅባት ተነከረ።

ባለገመዱ ፖሊስ ጣቢያ ነበር፤ ሁለት እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አግዳሚ ወንበር ላይ። መርማሪዋ ልምምዱ ላይ ጠዋት ግንቡን እንዴት እንዳወጣው ጠየቀችው።

«በእጄ።»

«በስንት እጅ? አናጺው በአንዱ ነው፣ በሌላው ዳቦ ይዘው ነበር አሉኝ።»

«ዳቦም ወንጀል ሆነ?»

«ከመቶ ኪሎ ሃምሳ አምስቱ ቢጎድል ኖሮ ዳቦውን ይጥሉት ነበር» አለች። «ጠዋት ልክ ነበር። ከምሳ መልስ እንደ ልማድዎ ለመፈተሽ ማነቆውን ሲከፍቱ ግን ገመዱ ከእጅዎ ቆዳ ይዞ ሄደ። ያን ጊዜ እጅዎ አውቆታል። ሰው እንደነካው ያወቁት እርስዎ ነዎት፣ ከሁላችንም በፊት።»

ባለገመዱ ተነሳ። ፋሻውን ረስቶ ጠረጴዛውን መታና ፊቱ በሕመም ተጨማደደ።

«ማን ቁጠሪ አለሽ? እኔ ነኝ አልኩ፣ በቃ! ሰው እኔ ነኝ ካለ ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

ብትጠይቅ፣ ብታባብል፣ ብትቆጣ አልተናገረም። ተስፋ ቆርጣ በሩን ስትይዝ ግን ከኋላዋ ጠራት። ድምፁ ሌላ ሆኗል።

«ልጅቷ... እህል ቀምሳለች?»

መርማሪዋ ይህን ጥያቄ በመንገዱ ሁሉ ይዛው ሄደች። በሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ ያለችውን ልጅ በልታለች ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ምን የሚያውቅ ነው? ወይስ ምን ያወቀ የሚመስለው?

ልጅቷ የተዋንያን መልበሻ ክፍል ውስጥ መስታወቱን በሻርፕ ሸፍና ተቀምጣለች። ስለ እሱ አይጠይቁኝ ብላ ጀመረች። መርማሪዋም አልጠየቀችም፤ ስለ ጠዋቱ ጠየቀች። ልጅቷ ሳትወድ ነገረቻት። ጠዋት እናቷ ሁሉንም ሰብስባ፣ ከሚቀጥለው ሥራ ጀምሮ የምታዘጋጀው ልጄ ናት፣ ምክትሉ ከዚህ ተውኔት በኋላ ይሰናበታል ብላ ተናገረች። ልጅቷ የሰማችው ከሌላው ጋር እኩል ነው።

«በሕይወቷ አንድ ነገር እንኳ ጠይቃኝ አታውቅም» አለች። «ፀጉሬን፣ ትምህርቴን፣ ሥራዬን። ተናደድኩ። ቤቱ ሁሉ እየሰማ... ሞተሽ ባረፍኩ አልኳት። ከሦስት ሰዓት በኋላ ሞተች።»

ከዚያ በኋላ ምሳ አልበላችም። የምሳው ሰዓት ሲጋመስ መጥታ፣ ከዓምዱ ጀርባ ያለው ሶኬት ላይ ስልኳን ሰክታ፣ ብረቶቹ ላይ ተቀምጣ ልምምዱ እስኪጠራ ድረስ አለቀሰች።

«ብረቶቹ ላይ?»

«አዎ።»

«ምርቃቷ አትቆረቁርም?»

ልጅቷ ልትመልስ አፏን ከፈተችና ቆመች። ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ክምር ላይ ለመቀመጥ ሞክራ ያልቻለችው በዚያች በአግድም ብረት ነበር፤ አጎቷ ሲሥቅባት ያደገችው በዚያ ነው።

«ያን ቀን አልቆረቆረችኝም» አለች።

«ማለትሽ ክምሩ ልሙጥ ነበር። ብረቱ አንቺ ሳትመጪ ወጥቷል። ስትወጪ ማን አየሽ?»

«ጋሼ፣ አጎቴ። ወደ ገመዱ ሲመጣ ተያየን። ዓይኔ አብጦ ስለነበር ፊቴን አዙሬ አለፍኩ።»

መርማሪዋ ዓይኗን ጨፈነች። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ እዚያ ነበር፤ ስታገኘውም ደስ አላላትም፣ ተናደደች። ለልጅቷ ግን ያን ሰዓት አልነገረቻትም። ቀድማ የምታነጋግረው ሌላ ሰው አለ።

ምክትሉን ያገኘችው የሟቿ ቢሮ ውስጥ፣ የሟቿ ወንበር ላይ ነው። ስልኩን እየመለሰ፣ ሐዘንተኛ እየተቀበለ ነበር። ትሕትናው አልጎደለም። ብረቱ በዋዜማው እሱ ራሱ ቆሞ አሥር አዲስ አስጭኖ እንደነበር፣ ከዚያ ወዲህ ግን ቅርጫቱ አጠገብ ዝር እንዳላለ፣ በምሳ ሰዓት ምግብ ቤት እንደነበር ነገራት። መርማሪዋ አሳምራ ሰማችው፤ ዝር አላልኩም የሚለውን ደግሞ እንዲደግመው አደረገች። ስለ ምርቃቷ ስታነሳ ፈገግ አለ።

«መለኪያ ምርቃት የለውም፣ እመቤት። መለኪያ ቁጥር ነው። ብረት ላይ አሥር ተጽፎ እያለ በጣታቸው ሁለት ሁለት የሚሉ ሰዎች ናቸው እኮ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉም መድረኩ ላይ ተሰበሰቡ። ግንቡ ግድግዳ ተደግፏል፤ ወለሉ ታጥቧል። አለቃዋ እጁን አጣምሮ የተመልካች ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የመጣው ሊያስቆማት እንጂ ሊሰማ አይደለም። አናጺው ቆሟል። ልጅቷና ባለገመዱ የመድረኩ ሁለት ጫፍ ላይ ናቸው፤ አይተያዩም። ምክትሉ ወንበር አስመጥቶ መሐል ተቀምጧል።

መርማሪዋ ጠዋት ግንቡ በአንድ እጅ መውጣቱን ተናገረች፤ ስለዚህ ጠዋት ክብደቱ ልክ ነበር። ከዚያ ብረቶቹን አሳየቻቸው፤ በቅርጫቱ አሥር፣ ውጭ አሥራ ሁለት። አንድ ሰው በምሳ ሰዓት አሥራ ሁለቱን አውጥቷል። ማነቆው የቀረውን ይዞ ይቆያል፤ ባለገመዱ ከምሳ መልስ ለመፈተሽ ሲከፍተው ግን ግንቡ ይወርዳል። የዓምዱ አቀማመጥ ማነቆው ጋ የቆመ ሰው ቅርጫቱን እንዳያይ ያደርገዋል። ያን ሰዓት አዘጋጇ ብቻዋን ግንቡ ሥር እንደምትንጎራደድ ሁሉም ያውቃል።

«ገዳዩ ሁለት ነገር ነው የፈለገው» አለች። «እሷ እንድትሞትና ወንድሟ እንዲጠየቅ። ለዚህ ደግሞ ስህተት የሚመስል ነገር ያስፈልገው ነበር። ስለዚህ በትክክል አሥር አስቀረ፤ ፓውንዱን ኪሎ መስሎት እንዲባል። ችግሩ ባለገመዱ ያንን ስህተት ሊሠራ አይችልም። ቁጥሩን አያነበውማ። እሱ ቢሳሳት ምርቃቷን ረስቶ ሃያ ይጭናል። አሥር የሚጭነው ማኅተሙን የሚያነብ ሰው ነው። ገዳዩ የመረጠው የራሱን ስህተት ነው።»

«ይኼ ፍልስፍና ነው» አለ ምክትሉ።

«ክምሩም አለ። እዚህ ቤት ያደገ ሰው አሥር ደርድሮ አናቱን ልሙጥ አይተወውም። ልጅቷ እንኳ አትተወውም።»

«የቸኮለ ሰው እንዴት እንደሚደረድር የሚታወቅ ነገር የለም።»

«እሺ» አለች መርማሪዋ። ድምፏ ዝቅ አለ፤ የሚያውቋት ሰዎች ስትቆጣ እንዲህ እንደምትሆን ያውቃሉ። «ትናንት እዚህ ስደርስ አናጺው ማነቆው ነው አሉ። ልጅቷ ገመዱ ነው አለች። እርስዎ አሥር ብረት ነው አሉ። ቅርጫቱ ያን ጊዜ የት ነበር?»

ምክትሉ መልስ ሊሰጥ ሲል አናጺው ቀደመው። «ጣሪያ ሥር» አለ፣ እያንዳንዱን ፊደል እየረገጠ። «ጨለማ ውስጥ። ዛሬ ጠዋት ነው በእነዚህ እጆቼ ያወረድኩት።»

«ገመትኩ» አለ ምክትሉ። «አወዳደቁን አይቼ አሰላሁ።»

«ምኑን ይዘው አሰሉት? በዋዜማው አዲሶቹን አስጭነዋል፣ ከዚያ ወዲህ ዝር አላሉም፤ ሁለት ጊዜ ነው የነገሩኝ። እርስዎ እስከሚያውቁት ድረስ ቅርጫቱ ውስጥ ያለው አሥር አዲስ ብረት ነው። አሥር አዲስ ደግሞ መቶ ኪሎ ነው፤ ልክ ነው፣ ማንንም አይገድልም። አሥር ብረት ሰው የሚገድለው አሮጌ ከሆነ ብቻ ነው። አሮጌ መሆኑን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ ለማንም አልተናገሩም። ለእርስዎ ማን ነገረዎት?»

አለቃዋ ያጣመረውን እጅ ፈታ።

«ቆርቆሮውን የከፈተ ሰው ብቻ ነው የሚያውቀው» አለች። «ከፍቶም፣ አሥራ ሁለቱን አውጥቶ፣ ቅባቱን ለማስለቀቅ የምግብ ቤቱን ሳሙና የጨረሰ ሰው።»

ምክትሉ መጀመሪያ ሊሥቅ ሞከረ። ከዚያ የተተኮሰው ነገር ሁሉ ከላዩ ወለቀ። ቤቱን ያቆምኩት እኔ ነኝ አለ። ተዋናዮቹን ያስተማርኩ፣ የእሷን ስም ያስጠራሁ፣ የእሷን ድካም የደከምኩ እኔ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ገመድ ጎታች ሁሉ እየሰማ እንደ አሮጌ ወንበር አውጥታ ጣለችኝ፤ ለማን፣ ለልጇ፣ ያውም ለማትፈልገው! ፖሊሶቹ ሲይዙት እንኳ ከዓምዱ ላይ ያለውን ወረቀት እያሳየ ይጮህ ነበር፤ ቁጥሩ ልክ ነው፣ እኔ የጻፍኩት ልክ ነው እያለ።

ልክ ነበር፤ ያንን ማንም አልካደም።

እሱ ከወጣ በኋላ ልጅቷ ወደ አጎቷ ዞረች። የቀረው ጥያቄ ምን እንደሆነ ፊቷ ላይ ይነበባል።

«ታዲያ አንተ ለምን የኔ ነው አልክ?» አለችው።

ባለገመዱ ፋሻውን አየ።

«ከዓምዱ ጀርባ ስትወጪ አየሁሽ» አለ በመጨረሻ። «ጠዋት ያልሻትንም ሰምቻለሁ።»

ልጅቷ ለመረዳት ጊዜ አልፈጀባትም።

«እኔ ነኝ ብለህ ነው? እናቴን እኔ የገደልኳት መስሎህ?»

«አንቺስ?» አለ። «እኔ እህቴን የገደልኩ መስሎሽ አይደል?»

«እኔ ስህተት ነው ያልኩት!»

«በእልህህ ነው ያልሽኝ። በሰው ፊት። እኔ ያሰብኩትን ውጬ እስር ቤት ገባሁልሽ። አንቺ ያሰብሽውን ፊቴ ላይ ተፋሽው።»

«ማን ግባልኝ አለህ? ነፍሰ ገዳይ አድርገኸኝ ደግሞ ውለታ ታስቆጥረኛለህ?»

አናጺው በመካከላቸው ሊገባ አንድ እርምጃ ሄዶ ተመለሰ። ሁለቱም ልክ ነበሩ፤ ስለዚህ የሚያስታርቅ ነገር አልተገኘም። ባለገመዱ በክርኑ በሩን ገፍቶ ወጣ። ማንም አላስቆመውም፤ መርማሪዋ ራሷ ነጻ ነዎት ብላው ነበርና።

በለቅሶው ላይ ከወንዶቹ ጋር በሩቅ ቆሞ ታየ። ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱም ወደ ቴአትር ቤቱም አልመጣም። ልብሱን በሰው አስወሰደ። ሌላ ከተማ፣ ወደብ ላይ፣ ገመድ እየያዘ ነው የሚል ወሬ አናጺው ሰማ፤ እጁ ገና ሳይድን።

ልጅቷ ተውኔቱን ራሷ አዘጋጅታ ለመጨረስ ተነሳች። እናቷ ስላዘዘች ነው ወይስ ራሷ ስለፈለገች፣ ማንም ደፍሮ አልጠየቃትም። የመጀመሪያ ሥራዋ ወረቀቱን ከዓምዱ ላይ ማንሳት ነበር፤ ከዚያም መልሳ ለጠፈችው፣ ፊርማውን ብቻ ቀድዳ ጥላ። ቀጥላ ከዓምዱ ጀርባ ሄደች። ልሙጡን ክምር አፈረሰች፤ እጇ በቅባት እየጠቆረ ሁለት ሁለት እያደረገች እንደገና ደረደረችው። አሥራ አንደኛዋን ብረት ግን ወለሉ ላይ ተወቻት።

ስልኳን ከሶኬቱ ነቅላ ጻፈች፤

«ጋሼ፣ አሥሩን ደርድሬያለሁ። ምርቃቷን አልነካኋትም። አንተ መጥተህ አስቀምጣት።»

መልእክቱ መድረሱን፣ መነበቡንም ስልኩ አሳየ። ግንቡ ተጠገነ፣ ተውኔቱ ተከፈተ፣ አዳራሹ ሞላ፣ ተውኔቱ ታይቶ አለቀ። የክምሩ አናት አሁንም ልሙጥ ነው፤ ብረቷም ወለሉ ላይ ናት። አናጺውን በየጊዜው ታደናቅፈዋለች፤ ይሳደባል፣ ግን አያነሳትም።